ለሁለት ጌታ የሚገዛው እበት፤ የኮምፖስት ታሪክ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

ርዕሱን አይታችሁ አፍንጫችሁን የያዛችሁ ወዳጆቻችን፣ ትንሽ ታገሱን። የዛሬው ወጋችን ስለ እበት ነው። አዎ፣ ስለ እበት! ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዘመቻና ስለ ዘውድ የተጻፈ ታሪክ ሞልቶ ተርፎናል። እነዚያን ነገሥታትና ሠራዊታቸውን የቀለበው ገብስ የበቀለበት አፈር ግን ብዙ ጸሐፊ አልገጠመውም። እኛ ነገሥታቱን ለታሪክ መምህሮቻችን ትተን ወደ አፈሩ ጎንበስ ለማለት ወስነናል።

ምክንያት አለን። «የተፈጥሮ ማዳበሪያ አዘገጃጀት ሥልጠና ለአርሶ አደሮች ተሰጠ» የሚል ዜና ሰምቶ የማያውቅ ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ። ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ አለ፣ ባነር አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፣ «የግንዛቤ ክፍተት» የሚባል ነገርም አይጠፋም። ገበሬው እበቱን ለማሳው እንደማዋል ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ ስለዚህ አያውቅም፤ ስለዚህ ይሠልጥን። የሰሜን ሸዋን፣ በተለይም የአንኮበርንና የደብረ ብርሃንን ታሪክ ስናገላብጥ ያገኘነው ግን ሌላ ነው። ገበሬው ያጣው ዕውቀት ሳይሆን ማገዶ ነው። የኮምፖስት ታሪክ ከምድጃው ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹን ስንጠቀም «እ.ኤ.አ.» እንላለን።)

ሰባት ስም ያለው ነገር

አንድ ሕዝብ ለአንድ ነገር ብዙ ስም ካወጣ ያን ነገር በቅርብ ያውቀዋል ማለት ነው። ከላሟ ሥር ትኩሱን ሲያነሱት እበት ነው። ጠፍጥፈው ሲያደርቁት ኩበት ይሆናል። የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ከሆነ ፋንድያ ነው። የበግና የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ ይባላል። ሽንቱም ጭዱም ተቀላቅሎበት ከበረት ተጠርጎ የሚወጣው አዛባ ነው። ይኸው ሁሉ ተከማችቶ፣ በስብሶ ለማሳ ሲቀርብ ደግሞ ፍግ ይሆናል። ቁጠሩ፤ ሰባት ነው። እኛ የከተማ ልጆች ሰባቱንም ጠቅልለን «ቆሻሻ» ብለናቸው አርፈናል።

ነገሩ በስም ብቻ አያበቃም። የደጋው ገበሬ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አመድና አዛባ ከቤት ጀርባ ይደፋል፤ የጓሮው ጎመንና ጌሾ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለምልሞ የሚታየው በዚህ ነው። እበት ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይለሰንበታል። እህሉ አፈር እንዳይዝ አውድማው ከውቂያ በፊት በእበት ይለቀለቃል። ከብት በማሳ ላይ ማሳደር፣ መሬት ማሳረፍ፣ ገብስን ከባቄላና ከአተር ጋር ማፈራረቅ… ይህ ሁሉ የማንም ባነር ሳይሰቀል የነበረ ዕውቀት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እበቱን ለምን ወደ እሳት ይሰደዋል?

አንኮበርና የወፍ ኩስ

አንኮበር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ገዢዎች መቀመጫ ሆነች። ከአፋር ቆላ በላይ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። እስከዚህ ያለውን ትምህርት ቤት ተምረነዋል።

ያልተማርነው፣ በዚያው ሰሞን እንግሊዝ ራሷ ምን ላይ እንደነበረች ነው። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ከፔሩ ደሴቶች የወፍ ኩስ በመርከብ እያስጫኑ ወደ ሊቨርፑል ማስገባት ጀምረው ነበር! «ጓኖ» ይሉታል። በባሕር ወፎች ለዘመናት የተጣለ፣ ዝናብ በማያውቀው ደሴት ላይ የደረቀ ኩስ ነው። የዓለምን ባሕር የምትገዛው አገር ማሳዋ ደክሞባት የወፍ ኩስ ፍለጋ ውቅያኖስ ታቋርጥ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ኩስ ስትገዛ «ንግድ» ይባላል፤ የእኛ ገበሬ ፍግ ሲበትን «ኋላ ቀር» ይባላል። ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1840 ደግሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ስለ እርሻ ኬሚስትሪ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። የሰውዬው ሐሳብ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ እህል ከማሳ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ የአፈሩን ንጥረ ነገር ተሸክሞ ይወጣል። ከተሜው ይበላዋል። የተበላው ተመልሶ ወደ ማሳው ካልሄደ ማሳው ይደኸያል። ሊቢግ በኋላ ይህን ዓይነቱን እርሻ «ዝርፊያ» እስከማለት ደርሷል።

አሁን በዚህ መነጽር አንኮበርን እንያት። ግቢው ራሱ ትንሽ ከተማ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ማሩ፣ በጉ በግብር ወደ ላይ ይወጣል። ግብር ይበላል፣ ጠጅ ይጠጣል፣ እሳቱ ሌት ተቀን ይነዳል። ከዚያ ሁሉ ወደ ገባሩ ማሳ ተመልሶ የሚወርደው ምን ያህል ይሆን? አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው የኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ መጽሐፍ የሁለት መቶ ዓመቱን ጉዞ በዝርዝር ለማሳየት ከመረጣቸው ሥፍራዎች አንዷ አንኮበር መሆኗ ያለ ነገር አይደለም። ቤተ መንግሥትና ማረሻ እንዲህ ተጠጋግተው የኖሩበት አገር ብዙ የለም።

ዛፉ ሲያልቅ ንጉሡ ይሄዳል

አፈሩ አንድ ነገር ነው፤ ጫካው ሌላ ነው። ሮናልድ ሆርቫት የተባለ የጂኦግራፊ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ተንከራታች ዋና ከተሞች ጽፎ ነበር። መናገሻዎቻችን ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ የኖሩበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ ማገዶ ነው። ሠራዊትና አሽከር ተከትሎት የሰፈረ ንጉሥ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ይጨርሳል፤ ከዚያ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል።

ደብረ ብርሃን ራሷ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መቀመጫ ነበረች። እኚሁ ንጉሥ፣ እንደሚነገረው፣ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው የመናገሻ ሱባን ጥድ አስተክለዋል። እውነት ከሆነ የማገዶና የደን ጭንቀት ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ይነግረናል። ምኒልክም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ብዙ ሳይቆይ እሷም ማገዶ ጠፋባት። መናገሻው እንደገና ሊነሳ ሲታሰብ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ደረሰና ከተማዋን ባለችበት አስቀራት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ንጉሥ ማገዶ ሲያልቅበት መናገሻውን ይዞ ይሄዳል። ገበሬ ማሳውን ይዞ የት ይሄዳል?

የትም። ስለዚህ ወደ በረቱ ዞረ። ደብረ ብርሃን ያለችበት አምባ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳማ፣ ነፋሻማ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚወርድበት አገር ነው። እዚያ እሳት ለእንጀራና ለወጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከብርድ የሚድንበት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሁሉ ከሸኖ ጀምሮ በየቤቱ ደጃፍ እንደ ጎጆ ተከምሮ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ላዩ በእበት የተለሰነውን የኩበት ክምር አይቷል። ያ ክምር የቤቱ የነዳጅ ዴፖ ነው። ክምሩን የሠሩት ደግሞ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከሜዳ ለቅመው፣ ከጭድ ጋር አቡክተው፣ ጠፍጥፈው፣ በበጋው ፀሐይ አገላብጠው ያደርቁታል። ረጋ ብሎ የሚነድ ስለሆነ ለእንጀራ ይመቻል። የተረፈውን ገበያ አውጥተው ይሸጡታል፤ ለጨው፣ ለጋዝ፣ ለደብተር የሚሆን ብር ከዚያ ይመጣል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጂን በጭስ ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ጓሮ እንጂ ሩቁ ማሳ ድረስ አይደርስም። አፈሩን የሚያላላውና ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽ ደግሞ ጭራሽ አይፈጠርም። ጭሱም የሚገባው በእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ነው። መጽሐፍ «ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚችል የለም» ይላል፤ የሰሜን ሸዋ እበት ግን ለምድጃውም ለማሳውም እንዲገዛ ሲጠየቅ ኖሯል። እንጀራ የሚጋገረው ዛሬ ነው፤ ማሳው የሚቀርበው ለከርሞ ነው። ዛሬ ሁሌ ያሸንፋል።

አፈርም ይነዳል

በዚህ አገር የሚነደው እበቱ ብቻ አልነበረም፤ አፈሩም ጭምር ነው። አፈር ማጋየት ይባላል። ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ 15 ዓመት፣ ጦሙን ያደረ መሬት ይታረሳል። ሣርና ሥር የያዘው ጓል ተሰብስቦ በማሳው ላይ በየቦታው ይቆለላል። በቁልሉ ውስጥ ኩበትና ደረቅ ሣር ተጨምሮ እሳት ይለኮስበታል። ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ውስጡን ለቀናት ይጨሳል። ከዚያ የጋየው አፈር በማሳው ላይ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል።

በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ይሰምርለታል። ምክንያቱም እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ንጥረ ነገር ይፈታል፤ ውኃ የሚያቁረውንና የሚጣበቀውን የደጋ አፈርም እንደ አሸዋ ያላላዋል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጉዳዩን ያጠኑት ተመራማሪዎች የደረሱበት ሌላው እውነት ደግሞ ይህ ነው፦ እሳቱ የአፈሩን ብስባሽ ይበላል። በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ይወርዳል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ለረጅም ዘመን መተኛት አለበት። ልክ ለዓመታት የቆጠቡትን ገንዘብ በአንድ ሠርግ እንደመጨረስ ነው።

ሰው ጥቂት፣ መሬት ብዙ በነበረበት ዘመን ይህ አያስኬድም አይባልም። ሕዝብ ሲበዛ፣ ማሳ ሲጠብ፣ ለ15 ዓመት የሚተኛ መሬት ከየት ይመጣል? አፈር ማጋየት እየቀረ ሄደ። ቀዳዳውን የሚሞላ ነገር መጣ፤ በከረጢት።

ከረጢቱ

«ማዳበሪያ» የሚለው ቃል የደረሰበትን ዕጣ አስተውላችኋል? ሥሩ «ዳበረ» ነው፤ የሚያዳብር ማለት ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ስንል የምናወራው ስለ ጆንያው ነው። ይዘቱ ጠፍቶ መያዣው ቀረ። የዘመናዊው ማዳበሪያ ታሪካችን ከዚህ በላይ በአጭሩ ሊነገር አይችልም።

ዳፕና ዩሪያ ወደ ገበሬው በስፋት መድረስ የጀመሩት በ1960 ዓ.ም. ዙሪያ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በማሳ ላይ ሙከራ አሳየ፤ በአርሲ የስዊድኖቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ተቋም (ካዱ) ተከፈተ፤ ቀጥሎ ዝቅተኛው የፓኬጅ ፕሮግራም በብዙ አውራጃዎች ተዘረጋ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲሱ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ለየገበሬው ደጃፍ ደረሰ። ለረጅም ጊዜ የነበረው ምክር በየትኛውም አፈር ላይ አንድ ነበር፦ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ።

ከረጢቱ ምርት አልጨመረም አንልም፤ ጨምሯል። ግን ብስባሽ የሌለው አፈር ዩሪያ ሲበተንበት ዝናቡ ጠርጎት ይሄዳል። ከረጢቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የዓለም ዋጋ ሲንር የእኛ ገበሬ ኪስ ተቀደደ። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሰልፍ ወጥተዋል። ዘር የሚጠብቅ መሬት ትተው ለሰልፍ የወጡ ሰዎችን ምን ያህል ቢጨንቃቸው ነው ብለን እንጠይቅ።

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት እርባታ ማዕከል (ኢልካ) ከምርምር ጣቢያዎቹ አንዱን የከፈተው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነበር። ቤልጂየማዊው ጊዶ ግሪሴልስ በባሶና ወራና ገበሬዎች ከብት ላይ ለዓመታት ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 የዶክትሬት ጽሑፉ አድርጎ አቀረበ። ከተማረው ሰው ወገን ከብት ሲባል ወተትና ሥጋ ለሚታየው ሁሉ ጥናቱ ትምህርት ነበር። ለዚያ ገበሬ በሬው በመጀመሪያ የማረሻ ጉልበት ነው፤ እበቱም እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ ነዳጅ ነው፣ የሚሸጥ ሸቀጥም ነው። እበት በቤተሰቡ ሒሳብ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር አለው። እንግዲህ «ኩበት አታንድዱ» የሚል ሥልጠና ያን መስመር በምን እንደሚተካው ሳይነግር ሲመጣ ገበሬው በትሕትና አዳምጦ ወደ ቤቱ ቢሄድ ምን ይገርማል?

የኢንዶር ጉድጓድ፣ የትግራይ ክምር

የእኛን ችግር የምትጋራ ሌላ አገር አለች፤ ህንድ። እዚያም የላም እበት ተጠፍጥፎ ይነዳል። አልበርት ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በኢንዶር ከተማ ሲሠራ ይህንኑ አየ። ሊያስተምር ሄዶ ብዙ የተማረው ከህንድ ገበሬ ነው። ከዚያ የወጣው «የኢንዶር ዘዴ» የሚባለው የኮምፖስት አሠራር ነው። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ እበት ጥቂት ከሆነ ብቻውን አትበትነው፤ እንደ እርሾ ተጠቀምበት። ቅጠሉን፣ አረሙን፣ ገለባውን በየንብርብሩ ከምር፤ በመካከሉ እበትና አመድ አስገባ፤ አርጥበው፤ አገላብጠው። በዓይን የማይታዩት ሕዋሳት ሥራቸውን ሲጀምሩ የክምሩ ሆድ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። እሳት ሳይነካው ይበስላል ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ በአገራችን ሥር የያዘው ከሁሉ በላይ በሁለት ሰዎች ድካም ነው፤ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በባለቤታቸው በሱ ኤድዋርድስ። በ1988 ዓ.ም. የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት (አይኤስዲ) ከትግራይ ግብርና ቢሮና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር በጥቂት መንደሮች ኮምፖስት ጀመረ። መሣሪያው አካፋና ዱላ ነው። ዱላው ለምን መሰላችሁ? ክምሩ መሐል ይሰካል፤ ከቀናት በኋላ ተስቦ በእጅ ይዳሰሳል። ከሞቀ ሥራው ላይ ነው፤ ከቀዘቀዘ ወይ ውኃ ወይ አየር ጎድሎታል። ቴርሞሜትር በነጻ!

እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ከገበሬዎች ማሳ የተሰበሰበው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ገብስ ያለ ምንም ማዳበሪያ በሄክታር 11 ኩንታል ገደማ ሰጠ፤ በዳፕና ዩሪያ 18 ኩንታል ገደማ፤ በኮምፖስት 23 ኩንታል ገደማ። ፋኦ ጥናቱን አሳተመው፤ መንግሥትም ኮምፖስትን በአገር አቀፍ ደረጃ የኤክስቴንሽን ሥራው አደረገው። ሱ ኤድዋርድስ በ2010፣ ዶክተር ተወልደ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ስማቸውን ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ በማሳ ብናነሳው ደስ የሚላቸው ይመስለናል።

አንድ መቶ ምልልስ

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ በሰሜን ሸዋ ደጋ ነገሩ ለምን ይከብዳል? ሒሳብ እንሥራ።

ለአንድ ሄክታር ትንሹ የኮምፖስት መጠን 5 ቶን ነው እንበል። አህያ በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ብትሸከም 100 ምልልስ ይሆናል። ሁለት ኩንታል የከረጢት ማዳበሪያ ግን በ4 ምልልስ ያልቃል። አሁን ያንን መቶ ምልልስ በአንኮበር አቀበት ላይ አስቡት። ቀጥሎ ብርዱ አለ። ክምሩ በሞቃት አገር ሦስትና አራት ወር ሲበቃው በደብረ ብርሃን ውርጭ ከዚያ በላይ ይቆያል። ሦስተኛው የጥሬ ዕቃ ሽሚያ ነው። የገብስ ጭድ ለከብት መኖ ነው፤ ቅጠልና ጭራሮ ለማገዶ ነው፤ እበቱን አውርተነዋል። አረሙና ለምለሙ ቅጠል የሚገኘው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰዉ ሥራ ላይ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ሥራው «በሜትር ኪዩብ» እየተለካ የሪፖርት ማሟያ ሲሆን፣ ወረቀት ላይ ያለው ኮምፖስት ማሳ ላይ ካለው ቢበልጥ ማን ይደነቃል?

ስለዚህ ኮምፖስትን ያገዘ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ምድጃውን ያገዘ ነው። በ1970ዎቹ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለማገዶ የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ ገበሬው በኋላ በየማሳው ጠርዝ የተከለው ባሕር ዛፍ፣ በአቅሙ የእበቱን ሸክም አቅልሏል፤ መሬትና ውኃ መሻማቱ ሳይረሳ።

ሁለቱን ጌቶች የማስታረቅ ተስፋ የተጣለበት ግን ባዮጋዝ ነው። እበቱ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ጋዙ ምድጃ ያነዳል፤ የተረፈው ዝቃጭ ደግሞ ናይትሮጂኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይሄዳል። ያው እበት ለሁለቱም! ቴክኖሎጂው አምቦ እርሻ ኮሌጅ የደረሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም ብሔራዊ ፕሮግራም ሆኖ የተጀመረው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው፤ አማራ ክልል ከጀማሪዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2013፣ 14 ሺህ ሊሠራ ታቅዶ ከ8 ሺህ ጥቂት በላይ ተሠራ። እዚህም ችግሩ ግንዛቤ አይደለም። አንድ ማብላያ በቀን 20 ኪሎ ገደማ እበትና የዚያኑ ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ አራት ያህል ከብት ማለት ነው። ውኃውን ከምንጭ የምትቀዳው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች በሆነበት በደብረ ብርሃን ደግሞ ማብላያውም ይሰንፋል። ቢሆንም መንገዱ ትክክለኛ ነው፤ «አታንድዱ» ከማለት ይልቅ ሌላ የሚነድ ነገር ይሰጣልና።

እኛና ፌስታላችን

እስካሁን ስለ ገበሬው አወራን። አሁን ወደ ራሳችን።

ሊቢግ «ከተማ የማሳውን ንጥረ ነገር ይበላል» ያለው እኛን ነው። የሰሜን ሸዋ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የድንቹ ልጣጭ፣ የጎመኑ ግንድ፣ የተረፈው እንጀራ ከፕላስቲክ ጋር በአንድ ፌስታል ታስሮ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው። ለአሥርት ዓመታት ሁሉም ቆሼ ተቆለለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደና ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ገደለ። አፈር መሆን የነበረበት ነገር ተራራ ሆኖ ሰው ቀበረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከክምሩ አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ልብ በሉ፤ እዚህም መልሳችን ማቃጠል ነው። ያውም እርጥብ ልጣጭ በቀላሉ አይነድም! ገበሬውን «ለምን ታነዳለህ?» ስንል ከርመን በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር የከተማ ኩበት አነደድን ማለት ነው።

ሌላ መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በቢሾፍቱ፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳና በመቀሌ የከተማን ቆሻሻ ኮምፖስት የማድረግ ሥራ ተጀምሯል። ደብረ ብርሃን ከስድስቱ ውስጥ አልነበረችም። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ከእሷ የሚሻል ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐበሻና ዳሽን ቢራ ይጠመቁባታል፤ ከከተማው ዳር ወጣ ሲሉ ደግሞ ብስባሽ የተጠማ የገብስ ማሳ ይጀምራል። የቢራ አተላ ወደ ከብት፣ የከብት እበት ወደ ማሳ፣ የማሳ ገብስ ወደ ቢራ። አያቶቻችን የጠላ አተላ ለላሟ ሲሰጡ የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ስላልጠሩት ሥልጠና አልተሰጠበትም እንጂ።

ሌላም አለ። «እበት ትል ይወልዳል» የምንለው ሰው ለመዝለፍ ነበር። አሁን የግብርና ባለሙያዎች እበትና የወጥ ቤት ትራፊ በሉልን ብለው ቀይ ትል ለገበሬ እያከፋፈሉ ነው፤ ቨርሚ ኮምፖስት ይሉታል። እበት ትል ወለደ፤ ትሉም አፈር ወለደ። ስድቡ ምርቃት ሆነ።

በእኛ በኩል የምንለው አንድ ነገር ነው። ቀጣዩ ሥልጠና ሲዘጋጅ ለገበሬው «እበት ጥቅም አለው» ብሎ ከመጀመር «ዛሬ ማታ እንጀራው በምን ይጋገር?» ብሎ ይጀመር። ለዚያ መልስ ካለ ቀሪውን ገበሬው ያውቀዋል፤ ሰባት ስም አውጥቶለታል። ሠልጣኝ ከተፈለገ ደግሞ እኛ አለን። ልጣጭና ፕላስቲክ መለየት ያቃተን፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ እያለን በኩበት ጭስ የምንቀልድ፣ እኛ የከተማ ልጆች።

ባነሩን ለእኛ ስቀሉልን።

ቸር እንሰንብት።